ጀርመንኛ የማጠናበት የመኪና መመሪያ

ነዳጅ ለመቆጠብ ብላ ቀይ መብራት ላይ ራሷን የምታጠፋው መኪናችን ዛሬ እዚህ ጀርመን ላንግሽትራሰ በሚባለው መንገድ ላይ አረንጓዴ ሲበራ አልነሳም አለች። ከኋላችን አውቶቡስ ቆሟል።

መሪውን የያዘው ባለቤቴ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። "ወርጄ ልግፋት" አለ። አውቶማቲክ ተገፍቶ እንደማይነሳ ያውቃል፤ እልህ ነው።

እኔ ለጀርመንኛ ፈተና የማጠናው ከመኪናዋ መመሪያ ነው። እሱ በዚህ ሲስቅብኝ ነው የከረመው።

"ቁጭ በል። ማርሹን ፒ ላይ አድርግ፣ መብራቱንና ማሞቂያውን አጥፋ፣ ፍሬን ረግጠህ አስነሳ። ባትሪዋ ደክሟል" አልኩት፣ መመሪያው ላይ ያነበብኩትን።

ተነሳች።

ጋራዥ ገብተንም በጀርመንኛ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። መካኒኩ ባትሪውን ለክቶ "ልክ ነዎት" አለኝ።

ስንመለስ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ገጽ ስንት ላይ ነው?" አለኝ።

ሲሳቅበት ከርሞ አንድ ቀን የኮራ ካለ ይጻፍልኝ። ለባለቤቴም ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።