የበያጁ አስተርጓሚ

በባዕድ አገር ባለ አንድ ሆስፒታል፣ በሳንባ ምርመራ ክፍል አስራ አንድ ዓመት ያስተረጎመችውን ሴት ባልደረቦቿ «በቀቀኗ» ይሏታል። ትስቃለች። «በቀቀን እንኳ አንዳንዴ የራሷን ትጮሃለች፤ ለእኔ ይሄም አልተፈቀደልኝም» ትላለች። ደንቡ አጭር ነው፦ ሐኪሙ ያለውን ተናገሪ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በያጅ መጡ። አርባ ዓመት ብረት የበየዱ፣ አርባ ዓመት ያጨሱ፣ ቅንድባቸውን የእሳት ፍንጣሪ የለበለበው ሰው ናቸው። የአገሩን ቋንቋ ከሰላምታ አያልፉትም። ሐኪሙ የሳንባቸውን ምስል አየና፣ «ለጊዜው ምንም የለም። ማጨሱን ማቆም ያለብዎት ግን አሁን ነው» አለ። እሷም ቃል በቃል አደረሰች።

የሽማግሌው ፊት በራ። «ተመስገን! አየሽ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ጨሶ ምንም ካልሆነ ሳንባዬም ብረት ነው ማለት ነው!»

ሐኪሙ ሰዓቱን አይቶ፣ ሲጋራ ማቆም ለሚፈልጉ ምክር የሚሰጥበት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጣቸው። ቀጣዩ ታካሚ በሩ ላይ ቆሟል።

በሳምንቱ ሽማግሌው ኮሪደር ላይ ጠብቀው ያዟት። «ደወልኩ እኮ። አንዲት ሴትዮ በእነሱ ቋንቋ እንደ መቅረጸ ድምፅ ትለፈልፋለች፤ መልስ ብሰጣት አትሰማ! ልጄ ወልዳለች፤ ‹ሲጋራ ሲጋራ እየሸተትክ ሕፃኑን አታቅፍም› አለችኝ። ማቆምስ አስቤ ነበር። በማን ቋንቋ ላቁም?»

አንጀቷን በሉት። ከታካሚ ጋር በግል መገናኘት ክልክል መሆኑን እያወቀች የራሷን ስልክ ቁጥር ሰጠቻቸው። ሱሱ ሲያንገበግባቸው ይደውላሉ፤ እሷም ሽንኩርት እየከተፈች፣ «አባባ፣ ውሃ ይጠጡ፤ ወጣ ብለው ትንሽ ይራመዱ፤ ያልፋል» ትላቸዋለች። አስራ ዘጠኝ ቀን ሳያጨሱ ዋሉ።

በሃያኛው ቀን አለቃዋ አስጠራቻት። ሽማግሌው ሊያመሰግኗት ብለው ቁጥሯን ለእንግዳ ተቀባይዋ አሳይተው ኖሯል።

«ከታካሚ ጋር በግል ስልክ ትገናኛለሽ አሉ። ሥራሽን አትፈልጊውም?»

ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ምን ትላለች? በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ አላነሳችም። ስድስት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ተወ።

በዓመቱ ሽማግሌው ለክትትል ተመለሱ፤ ከስተዋል፣ ጣቶቻቸው በትምባሆ ቢጫ ሆነዋል። ምስሉ ላይ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነገር ታየች። ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ቃሉ ከእሷ አፍ መውጣት ነበረበት፤ ወጣ።

ሽማግሌው ሐኪሙን አላዩም፤ እሷን ነው ያዩት። «ያኔ ደውዬልሽ ነበር እኮ» አሉ፤ ቁጣም የለበት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል።

«ምን አሉ?» አለ ሐኪሙ።

«ምንም» አለች።

አምስት ወር ታከሙ። በስድስተኛው ወር ልጃቸው ጥቁር ለብሳ ሰነድ ልትወስድ መጣች። አስተርጓሚዋ ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ሄዳ ቆመች። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ሌላ አጫሽ እየጠበቃት ነበር። ገባች።