አሚን የጠፋበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ ስል እማዬ ትስቅብኛለች። «አሁንስ ምን ሆንሽና?» ትላለች። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ግን ያኔ፣ የከተማችን ሆቴሎች ሁሉ በኮሮና የተዘጉ ጊዜ፣ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር።

አያቴ አባባ ይመር የወሎ ሰው ናቸው። በስደት በምንኖርባት ፓራዳይዝ በምትባል ከተማ፣ ጠባቧ አፓርትመንታችን ውስጥ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ታሪክ ይነግሩኝ ነበር። ፍም የለ፣ ጭስ የለ፤ አንድ መብራትና የማቀዝቀዣው ኤሲ ጩኸት ብቻ። በጣም የምወደው ዓሣ የዋጣቸውን የነቢዩ ዩኑስን ነበር።

«አባባ፣ የዓሣው አፍ አይሸትም?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ሸይጣን!» ይሉና ይስቃሉ።

ከዚያ፣ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኞችን በዊልቸር የሚገፋው አባዬ ታመመ። ሆስፒታል የመተንፈሻ ማሽን ላይ አደረጉት፤ እኛ መግባት አይፈቀድልንም። መስጊዱም ዝግ ስለነበር፣ ሰዎቻችን በየቤታቸው ሆነው በቪዲዮ ዱዓ ያደርጉለት ጀመር። ዱዓውን አባባ ይመራሉ፣ ሌሎቹ «አሚን» ይላሉ። ቪዲዮውን በትምህርት ቤት ታብሌቴ የምከፍተው እኔ ነኝ።

አንድ ማታ ሰይጣኔ መጣና ሁሉንም ሚዩት አድርጌ ድምፃቸውን ዘጋሁት። አባባ ግራ ሲገባቸው ልስቅ ነበር።

«ያ አላህ፣ ልጄን አፊያ አድርግልኝ» አሉ።

አሚን የሚል ጠፋ።

ቆም ብለው ጠበቁ። ስክሪኑ ላይ አፎች ይንቀሳቀሳሉ፤ የአባባ ዓይን ግን ደካማ ነው፣ አያዩም። ሰው ሁሉ ጥሏቸው የሄደ መሰላቸው። የዘረጉትን እጃቸውን ግን አላወረዱም፤ ብቻቸውን፣ ጺማቸው በእንባ እየራሰ፣ እስከ መጨረሻው ለመኑ። ሳልስቅ ተጠጋኋቸው።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ አባባ። ለቀልድ ነው።»

ይቆጡኛል ስል፣ «ዩኑስንስ ዓሣው ሆድ ውስጥ ማን አሚን አላቸው?» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን አባዬ ሞተ።

የቀበርነው ዕለት ማታ አባባ ውዱእ አድርገው መስገጃቸውን ሲያነጥፉ ጮህኩባቸው። «ዩኑስ ወጡ! አባዬ ለምን አልወጣም? ደግሞ ምን ሊለምኑት ነው?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ግን ወዴት ልሂድ? ሌላ ደጅ አላውቅ።»

ከነገሩኝ ታሪክ ብዙው ጠፍቶኛል፤ ያ «አላውቅም» ግን ቀረ። ምክንያቱን ሊያስረዱኝ ቢሞክሩ ኖሮ አላምናቸውም ነበር። ያኔ እንዳኮረፍኩ ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ። አሁንም አንዳንዴ አኩርፌ ነው የምሰግደው።