አባቴ ያሳለፈው የመጨረሻ ባቡር

ያልታጠበ ፖፕሊን ሽታ ታውቃላችሁ? ያ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚሸተው፣ አፍንጫ የሚያሳክከው ነገር። ባለፈው ሳምንት ሳሪስ መጋረጃ ልገዛ ገብቼ፣ ባለሱቁ አንድ ጣቃ አረንጓዴ ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ ሲዘረጋው ያ ሽታ መጣብኝና ብቻዬን ሳቅኩ። "ምነው እህቴ፣ ቀለሙን አልወደድሽውም እንዴ?" አለኝ። ወድጄዋለሁ። ችግሩ፣ ይህ ቀለም አንድ ጊዜ አባቴን ጉድ ሠርቶታል። እንዲህ ያለውን ነገር ለባለሱቅ አይነግሩትም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን አቃቂ ነው፤ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። ባቡሩ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ሐዲዱ መሃል ሣር በቅሎ ፍየሎች ይውሉበታል፤ ድሬዳዋ የሚያደርሰው መንገድ የልጆች ኳስ ሜዳ ሆኗል።

አባቴ የጣቢያው ባቡር አሳላፊ ነበር። አሳላፊ ስላችሁ የሠርግ አሳላፊ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤት "አባትሽ የሚያሳልፉት ወጥ ነው ጠላ?" እየተባልኩ ስንት ጊዜ ተሹፎብኛል! ባቡር ነው የሚያሳልፈው። ባቡሩ ሲመጣ ከጣቢያው ደጃፍ ይቆማል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ አረንጓዴ ባንዲራ፣ ካልሆነ ቀይ ያሳያል። ነጂው ያንን አይቶ ይሄዳል፣ ወይም ይቆማል። ይኸው ነው ሥራው፤ በዚህ ሥራ ነው እኛን ያሳደገን።

የመጨረሻው ባቡር ያለፈ ዕለት ግን አባቴ ጣቢያው አልነበረም። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን መትቶት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ባንዲራውን ያነሳው ባልደረባው ነው። የመጨረሻው መሆኑን ያወቀ ሰውም የለ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ሲባል፣ በሚቀጥለው ወር ሲባል፣ በዚያው ቀረ። አባቴ ቀኝ እጁ ሰንፎበት ከሆስፒታል ሲወጣ ጣቢያው ተዘግቶ ጠበቀው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት "እንዴት ነህ?" ሲለው "ሥራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ" ማለት ጀመረ። እናቴ በዚህ ነገር ትበግናለች።

"ጡረታህን እየበላህ ምን ሥራ ነው የቀረህ?"

"አንድ ባቡር" ይላታል።

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ለወላጆች ቀን አጭር ፊልም የሚሠራ ይመዝገብ ብሎ ሲለጥፍ፣ ለእኔ የመጣችልኝ ይቺው አንድ ባቡር ነች። ሌሎቹ ስለ ሱሰኛ ተማሪ ነበር የሚሠሩት፤ ሦስት ቡድን፣ ሦስት ሱሰኛ። እኔ አቃቂ ባቡር ላመጣ ነው ብዬ ፎከርኩ። ፎክሬ እንደጨረስኩ ኮምፒውተር ወደሚችለው የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሮጥኩ።

እሱ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ የተማረውን እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ "ሰውየው አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ይቆማል። ኮምፒውተሩ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ያጠፋዋል። በጠፋው ቦታ የፈለግሽውን ታስገቢያለሽ።" ባቡሩንና ካሜራውን የሰጠን ደግሞ የሰፈራችን የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። ያ እንኳ ሙሽሮችን ከፏፏቴ በላይ የሚያንሳፍፈው፣ በልብ ቅርጽ ውስጥ የሚያሽከረክረው ሰውዬ! አንድ ጊዜ የሠርግ አጀብ ሐዲዱን ሊሻገር ሲል ባቡር አስቁሞት፣ እሱ ሥራ ሲፈታ ባቡሩን ከራሱ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ቀርጾት ኖሯል። "ሙሽሮቹ ይሄን ቆርጠህ ጣልልን ብለውኝ ነው በእጄ የቀረው" ብሎ ካሴቱን ሰጠን። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ሠርግ የለም፤ ካሜራውንም አዋሰን።

ለአባቴ የነገርኩት ቁርስ ላይ ነው።

"አባዬ፣ አንድ ባቡር ላመጣልህ ነው።"

"ከየት?"

"ከኮምፒውተር።"

"የጭነት ነው የመንገደኛ?" አለኝ።

"የመንገደኛ።"

"በይ ሰዓቱን ንገሪኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን እጁን ሲያለማምዳት አየው ነበር። ግድግዳ ተደግፎ ቀስ እያለ ያነሳታል፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ያነሳታል። ፊልሙ የእኔ የትምህርት ቤት ጨዋታ መሆኑ ያኔ አበቃ። አባቴ ባቡር ሊያሳልፍ ነው፤ ካልሆነለት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሥራውን ሳይጨርስ ሊቀር ነው።

የስልጤው ባለሱቃችን አንድ ሙሉ ጣቃ አረንጓዴ ፖፕሊን አዋሰን፤ እንዳይቆረጥ፣ እንዳይቆሽሽ፣ ዶሮ እንዳይወጣበት አስምሎን። ግቢያችን ውስጥ ከአጥሩ ላይ ዘረጋነው። ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ግቢውን ሞላው። አባቴ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ባንዲራውን ከሳጥን አውጥቶ ቆመ። ጓደኛዬ ከካሜራው ኋላ ሆኖ "መጣ ጋሼ... እያለፈ ነው..." ይላል። የአባቴ ክንድ ተንቀጠቀጠ። በግራ እጅህ ደግፈው ብዬ ብጮህበት "በሁለት እጅ ባንዲራ የሚይዝ ሰካራም ነው" አለኝ። ባቡሩ አልፏል እስኪባል ድረስ ሳያወርድ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ጓደኛዬ አረንጓዴውን በማውሱ ነክቶ አጠፋው። ጨርቁ ጠፋ፤ ባቡሩ ገባ። እልል ልል አፌን ከፍቼ እዚያው ዘጋሁት። አባቴ ባዶ ዱላ ይዞ ቆሟል! ባንዲራውም አረንጓዴ ነዋ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ አረንጓዴ ባንዲራና ስለ አረንጓዴ ጨርቅ ስናወራ ከርመን፣ ሁለቱ አንድ ቀለም መሆናቸው ለአንዳችንም አልመጣልንም። አባቴ ከብት የሚነዳ ነበር የሚመስለው።

"ባንዲራዬስ?" አለ።

ጓደኛዬ ላቡን እየጠረገ "ጋሼ፣ ቀይም አለዎት አይደል? በቀዩ እንድገመው፤ ቀይ አይጠፋም" አለው።

"በቀይ?"

"ማን ያውቃል ጋሼ?"

"ነጂው ያውቃላ!"

"ቪዲዮ ነው እኮ፣ ነጂው አያይዎትም።"

አባቴ ተነስቶ ቆመ። "ስማ፣ በቀይ ባቡር አሳልፌ አላውቅም። አሁን በስተርጅና ሰው ላስጨርስ ነው?" ብሎት ወጣ።

በማግስቱ ቪዲዮ አንሺው ነገሩን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ "ጅሎች፣ ሰማያዊም እኮ ይሆናል" አለን። ሰማያዊ ደግሞ ከደጃችን ነበር። ከወሎ የመጣው የከባድ መኪና ሾፌር ጎረቤታችን ጭነቱን የሚያለብስበት ትልቅ ሰማያዊ ሸራ አለው። "እሑድ እስከ ስድስት ሰዓት የእናንተ ነው። ከዚያ ጅቡቲ ወራጅ ነኝ፣ ኢንሻአላህ" አለን። ራሱ መኪናው ላይ ወጥቶ ፈታው፤ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ግድግዳው ሁሉ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተቀባ ነው፣ መብራቱ በቁልፍ ነው። እንደዚያ ሸራ ደስ ያለኝ ነገር ግን አላገኘሁም። ያ ሁሉ ሰው ለአንድ ጡረተኛ እጅ ብሎ ያለውን ሲሰጥ "ምን ያደርግላችኋል?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እግዜር ይስጣቸው፣ አላህ ይስጣቸው፤ ያኔ በደንብ አላመሰገንኳቸውም።

እሑድ ጠዋት ሸራው ናፍጣና አቧራ እየሸተተ ተሰቀለ። ሁላችንም የምናየው ባንዲራውን ብቻ ነው፤ አረንጓዴ በሰማያዊ ላይ፣ ጥርት ብሎ። በዚህ መሃል አባቴ ከቤት ወጣ። እናቴ ማንም ሳያያት የድሮ የሥራ ቱታውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ቁልፍ ተክላለት ኖሯል። አቤት ሲያምርበት! አጨበጨብን። ሾፌሩ ሳይቀር "ማሻአላህ!" አለ። እናቴ ኩራቷን ለመደበቅ "ደግሞ እንዳታቆሽሸው" አለችው።

ቆመ። እጁን አነሳ። ከደብረ ዘይት መንገድ የሚመጣው የከባድ መኪና ድምፅ ለባቡር ቀረብ ያለ ነበር። እጁ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ባንዲራው ላይ ሲታይ ነፋስ ነው የሚመስለው። አላወረደም። ሲያበቃ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሻይ ቢሰጠው ብርጭቆውን ማንሳት አቃተው። እናቴ ይዛ አጠጣችው። በስድስት ሰዓት ሸራው ወደ ጅቡቲ ሄደ።

የሆነውን ገምታችሁታል መሰለኝ። ቱታው ሰማያዊ ነበር።

ጓደኛዬ ማውሱን ለቆ ጭንቅላቱን ያዘ። ስክሪኑ ላይ የአባቴ ፊት አለ፣ ሁለት እጆቹ አሉ፣ ጥቁር ጫማው አለ፣ ባንዲራው አለ። በአንገቱና በጫማው መሃል ምንም የለም፤ ባቡሩ በዚያ በኩል፣ በደረቱ ውስጥ ነው የሚያልፈው። አለቀስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ቁምልን ማለት አይቻልም፤ ያንን የሻይ ብርጭቆ አይቼዋለሁ። ነገሩን ለአባቴ የመንገር ወኔም አልነበረንም። ፈሪዎች ነበርን፤ ዝም ብለን ለወላጆች ቀን አስገባነው።

አባቴ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ያንኑ ቱታ ለብሶ። ሦስቱ ሱሰኞች ታዩ፤ ተጨበጨበላቸው። የእኛ ተራ ደረሰ። አካል የሌለው ጭንቅላት ስክሪኑ ላይ ሲንሳፈፍ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አንዱ ከኋላ "መንፈስ!" ብሎ ጮኸ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ስል አባቴን አየሁት። አይስቅም። አላፈረም። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ፉርጎ ይቆጥር ነበር። የመጨረሻው ሲያልፍ ጀርባውን ለቀቀና ወንበሩን ተደገፈ።

በባጃጅ ስንመለስ አላስቻለኝም።

"አባዬ ይቅርታ፣ አጠፋንህ።"

"ምኑን?"

"አንተን ነዋ! ሰው ሁሉ ሳቀብህ። አካልህ የለም እኮ።"

"ባንዲራው ነበር አይደል?"

"ነበር።"

"ታዲያስ? ነጂው የሚያየው ባንዲራውን ነው። እኔን አይቶ የሄደ ባቡር አላውቅም።" ድልድዩን ስናልፍ እጄን ያዘ፤ በዚያች በሰነፈችው እጁ። "ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አለኝ። አባቴ ይህን ብሎኝ አያውቅም ነበር። ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው።

እናቴ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር አልመጣችም። ቤት ስንደርስ በር ላይ ጠበቀችን፤ ፊቴን ስታይ ደነገጠች። "ምን ሆናችሁ? እንዴት ነበር?" አለች።

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። "አልፏል፤ መስመሩ ነፃ ነው" አላት። ባቡር ባሳለፈ ቁጥር ለሚቀጥለው ጣቢያ ስልክ ደውሎ የሚለው ቃል ነው፤ ይህን ብሎ ነው ሥራ አብቅቶ ወደ ቤት የሚመጣው።

እናቴ ድሮ ከሥራ ሲገባ እንደምታደርገው የቱታውን ጃኬት ከትከሻው ተቀበለችው።

"እንግዲያው ና ግባ፣ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ብላ" አለችው።

ገባ። በላ።