ዱዓ የነፈግኩት መንገድ

2016 ዓ.ም.፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ልጄ በመልካ ወረር የጥጥ እርሻ ላይ ፀረ ተባይ የምትረጭ አውሮፕላን ያበር ነበር። አውሮፕላኗ ባለ አንድ ሞተር ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ርጭቱ ሲያልቅ በማግስቱ ለጥገና ወደ ሰመራ ሊወስዳት ሆነና፣ አዋሽ ካለችው ሱቄ ሊሰናበተኝ መጣ።

በእኛ በወሎዎች ልጅ መንገድ ሲወጣ አንገቱን ይደፋል፤ እናት እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርግለታለች። እሱም ደፋ። እኔ ግን ምስር መመዘኔን አላቆምኩም። ያቺን አውሮፕላን እንዲተዋት ስንት ጊዜ ለምኜው ነበር።

«በዚያ አሮጌ ብረት ለምትሄደው መንገድ ዱዓ የለኝም» አልኩት።

«እማ፣ ከሚዛንሽ እኮ አታረጅም» ብሎ ሳቀ። አንገቱን እንደደፋ ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ብሞክር አልሠራ አለኝ። የአስር ሶላት ሰግጄ ስነሳ፣ የማውቀው አንድ አፋር የፍየል ነጋዴ ከጭነት መኪና ወርዶ ደጃፌ ተቀመጠ። ከአዳይቱ እንደመጣ፣ ከልጄ መልእክት እንደያዘ ነገረኝ። አፋር ያየውን ሲያወራ ዳጉ ይለዋል፤ ከመነሻው በተራ ነው፣ አንድም አይዘልም። ግጦሹን ነገረኝ። ዝናቡን ነገረኝ። ከዚያ አውሮፕላን ድምጿ ጠፍቶ እንደ አሞራ ዝም ብላ ስትወርድ ማየቱን ነገረኝ። አቋረጥኩት።

«በአላህ፣ መጨረሻውን ንገረኝ። ልጄ አለ?»

«ቆይ እህቴ፣ እደርስበታለሁ» አለኝ።

ሞተሩ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ነው። ሜዳው ላይ ነጥራ አንድ ጎማዋ ተሰበረ። ልጄ በእግሩ ወጣ፤ የፍየል ወተት ሰጡት፣ ጠጣ። ሰመራ የሚሄድ መኪና ላይም ራሱ ሰውዬው አሳፍሮታል።

«ሲለየኝ፣ ‹እናቴ እኔ ከወጣሁ በኋላ ዱዓ ማድረጓ አይቀርም፤ ደርሶኛል በልልኝ› አለ።»

አላደረግኩም ነበር። እየተናደድኩ ነበር የዋልኩት።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ልጄን ያተረፈው አላህ ነው፤ እኔ የለሁበትም። ዳጉ ልውውጥ ነውና፣ ሰውዬው በተራው የእኔን ወሬ ጠየቀኝ። ደህና ነን አልኩት፤ ዱዓ መንፈጌን ዘለልኩት።

በነጋታው ሱብሂ ሰግጄ፣ ሱቄን ሳልከፍት በመጀመሪያው መኪና ወደ ሰመራ ተሳፈርኩ። ዱዓ አለማድረጌን ከራሴ አፍ ይስማ ብዬ።