«ሰፋች»፦ ከጎፋ ለቡ ከአውሮፕላን ክንፍ ጋር

ጎፋ፣ ጠዋት

የክንፉን ቁራጭ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ከቤት ወጣሁ። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ስለ ጥንት አውሮፕላን ለተማሪዎች ሊያሳይ ስለሆነ መምህርቷ ዛሬ እሱ ቤት ትመጣለች። ከፈረንሳይ የመጣውን ባለ ድርብ ክንፍ የጦር አውሮፕላን አባታችን ብቻውን እንደጠገነው ወንድሜ ነግሯታል። የክንፉን ጨርቅ የሰፋችው ግን እናቴ ናት፤ ማስረጃውም እኔ ጋ ነው። ስሟ ካልተነሳ ቁራጩን ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። አባታችን ስለዚያ አውሮፕላን ሲጠየቅ «ሰፋች፤ በረረ» ይል ነበር። ከዚያ በላይ አያወራም። ወንድሜ ይህን ቃል ይዞ በየድግሱ ሆዱን በእጁ እየከበበ «እናታችን ሰፋች» ይላል፤ ወፈረች ለማለት። ሞታ በሳልስቷ ቀን ሳይቀር ተስቆበታል። እኔ አልሳቅኩም፤ አልረሳሁምም።

ላፍቶ

የለቡ ታክሲ ስላጣሁ ላፍቶ ድረስ በሚሄደው ገባሁ። ረዳቱ ጥቅሉን አይቶ ከላይ ይጫን አለ። ተሰባሪ ነው አልኩት።

«ምንድነው ማዘር?»

«ክንፍ።»

«የዶሮ ከሆነ ለሁላችንም አይበቃም» አለ፤ ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

የሁለት ሰው ከፍዬ ከጎኔ አስቀመጥኩት። መንገዱ ተቆፍሯል። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ዕንጨቱ ሲንቋቋ ስለሚሰማኝ እጄን ከላዩ አላነሳሁም። ላፍቶ ወርጄ ፓስቲ ገዛሁና ቆሜ በላሁ፤ ወንድሜ ቤት ምሳ መብላት አልፈለግኩም።

ለቡ መብራት ኃይል

መምህርቷ ቀድማኝ ደርሳለች። ወንድሜ በረንዳው ላይ የራሱን ክንፍ ሠርቶ አቁሟል፤ ቀጫጭን ዕንጨት ላይ አቡጀዲ በኮላ ለጥፎ። ነፋስ ሲመጣ ጨርቁ እንደ ድንኳን ይነፋል። አንዱ ጥግ ለቅቋል። የጥንቶቹ አውሮፕላኖች ጨርቅ አየር ላይ ሳይገነጠል እንዴት ይቆይ እንደነበር መምህርቷ ጠየቀችው።

«አባታችን ያውቅበት ነበር» አለ። ከዚያ እኔን አየት አደረገና እጁን ወደ ሆዱ ወሰደ። «እናታችንማ...»

አንሶላውን ፈታሁ። የተልባ እግር ጨርቁ ቫርኒሹ ቢጫ ሆኖ እንደ ከበሮ ቆዳ ደርቋል። ክሩ ጨርቁንና ዕንጨቱን አንድ ላይ እየዞረ ያስራል፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይተረተር እያንዳንዱ ስፌት ተቋጥሯል። መምህርቷ በጣቷ ነካችው። ወንድሜም ጎንበስ አለ። ቋጠሮውን ያውቀዋል። ተኝተን ያደግንበትን ፍራሽ እማዬ የምትሰፋው እንዲሁ ነበር።

«ጋሼ፣ አባባ ምን ነበር የሚለው? ሆድህን ሳትነካ ንገራት» አልኩት።

የራሱን ክንፍ የለቀቀ ጥግ በአውራ ጣቱ ይጫን ጀመር። ቁራጩን መልሼ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ተይ እንጂ» አለ። «ሰፋች ነበር የሚለው።»

«ምኑን?»

«ክንፉን።»

መምህርቷ ስሟን ጠየቀች። «አስካለ» አለ፤ ከእኔ ቀድሞ።

ወደ ጎፋ

ቁራጩን ትቼላቸው አንሶላውን ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ምሳ ብይ ብሎኝ ነበር፤ አልበላሁም። ይቅር ብዬዋለሁ ማለትም አልችልም። ይህን ሁሉ ዓመት ያቺን ቃል ከአፉ ላስጥለው ስታገል ኖሬያለሁ። ቃሉ ግን የአባቴ ነበር፤ ጥፋት አልነበረበትም። ዛሬም ያው «ሰፋች» ተባለ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም።