«መልሺ» የሚለው ቁልፍ

እስቲ ያቺን መስኮት እዩ፤ ኔፓል አገር፣ ፓታን ከተማ ውስጥ፣ ከመዳብ ቀጥቃጩ ሱቅ በላይ ያለችውን። ሱፕራባ ቱላዳር እዚያ ተቀምጣ ለራሷ ኢሜይል ትልካለች። «ደህና አይደለሁም፣ ደውሉልኝ» ብላ ትልካለች፤ እሷው ትቀበላለች። ሌላ የሚጽፍላት የለም። እህት የወንድሞቿን ግንባር በምትቀባበት በቲሃር በዓል እንኳ ወንድሞቿ መምጣት ትተዋል።

ሥራዋ ነው። የምትሠራበት ማኅበር ዓረብ አገር ሰው ቤት ለሚሠሩ የኔፓል ሴቶች በየወሩ «እንዴት ነሽ?» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ «መልሺ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት አድራሻውም «ደህና አይደለሁም፣ ደውሉልኝ» የሚለው ቃልም የተሞላ መልስ ይከፈታል። ሱፕራባ ቁልፉን የምትሞክረው ቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ እዚያ ይከፈታል፤ ሌላ ቦታ ማንም አልሞከረውም።

ኃላፊው ራጀንድራ ባለፈ ቁጥር «ባሂኒ»፣ ታናሽ እህቴ፣ እያለ ያሾፍባታል።

«ዛሬስ ማን ጻፈልሽ፣ ባሂኒ? ባል ተገኘ?»

«ራሴው ነኝ፣ ዳይ፣ ወንድሜ። ከእኔ የተሻለ አጣሁ።»

አንድ ቀን ዓረብ አገር የሄደችው የዲልማያ እናት ከተራራው ወርደው መጡ።

«የልጄ ድምፅ ጠፋብኝ። ለእናንተ ጽፋለች?»

«አልጻፈችም፣ አማ» አለ ራጀንድራ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «ያልጻፈችን ደህና ናት ብለን ነው የምንይዘው።»

«ብለን ነው የምንይዘው» አለ፣ ስሙት! የሰው ዝምታ ለናንተ ዕረፍት ሆነ?

ሱፕራባ ተነሣች። «አማ፣ ስልኳ ምን ዓይነት ነው?»

እናትየዋ ከመቀነታቸው አንድ ርካሽ ስልክ አወጡ። ልጅቷ ስትሄድ ሁለት አንድ ዓይነት ገዝታ አንዱን ትታላቸው ነበር። ሱፕራባ ኢሜይሉን እዚያ ላይ ከፍታ ቁልፉን ተጫነች። ባዶ ገጽ። አድራሻ እንኳ የለውም። ሱፕራባ ቁልፉን ስትሠራ የኔፓልኛውን ቃላትና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እንዳለ ከቁልፉ ጀርባ ያለው ማገናኛ ውስጥ ከትታው ነበር፤ የቢሮው ኮምፒዩተር ቢቀበለውም የስልኩ ፕሮግራም ግን ሁሉንም ጣለው።

ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ፊደልና ክፍተት ሁሉም ፕሮግራም በሚያነበው ምልክት ቀየረች። ከቁልፉ ሥር አድራሻውን በግልጽ ጻፈች። እናትየዋ ራሳቸው ተጫኑት፤ ተከፈተ።

«ታዲያ አሁን ታየዋለች?»

«ስልኩ እጇ ላይ ካለ፣ አማ።»

ለሴቶቹ ሁሉ ላከችው። መልስ ይጎርፍ ጀመር፤ የጻፉት እስከ ዛሬ ስላልጻፉ ደህና ናቸው የተባሉት ሴቶች ነበሩ። ራጀንድራ ቆሞ እያነበበ ቀልዱ ጠፋበት። የዲልማያ ግን የለም። «ወሩ እስኪያልቅ እንጠብቅ» አለ። ሱፕራባ የዲልማያን አሠሪ ቤት ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። እናትየዋ አጠገቧ ቆመዋል። እንደገና ደወለች።

እናንተም «መልሱልን» እያላችሁ የምትጽፉ ሁሉ፣ ዝም ያለችውን ደህና ናት አትበሉብኝ። አሁኑኑ ስልኩን አንሡና ደውሉላት።