ልጓሙን የጨመደደ እጅ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አክስቴ ኮርቻ አሸክማኝ፣ «ነገ ሙሽራዋን በፈረስ ታጅቢያለሽ» አለችኝ። ላብ የጠጣው ቆዳ ሲሸተኝ ለመጨረሻ ጊዜ ፈረስ ላይ የወጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በበቆጂ መንገድ ወንዝ ስንሻገር ፈርቼ ልጓሙን ጨምድጄ ሳብኩ። ፈረሱ አንገቱን እየወረወረ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ልቀቂለት እንጂ፣ የሚረግጥበትን ይይ» አሉ አጎቴ ከጎኔ ሆነው።

«ጋሼ፣ እወድቃለሁ።»

«እሱም የፈራው ያንኑ ነው» ብለው ሳቁ።

አልገባኝም። ደግሜ ስስበው ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ እኔም ውሃው ውስጥ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ፈረስ ላይ አልወጣሁም።

ያን ቅዳሜ ማታ «አሞኛል» ብዬ ከሠርጉ ለመቅረት አስቤ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ፈረሱ ላይ ወጣሁ። ወንዝ ዳር ስንደርስ ፈረሱ ቆመ። የሚረግጥበትን እንዲያይ ልጓሙን አላላሁለት። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ውሃውን አሸተተና ገባ።